የማያ ቁጥር፣ ኮከብና ፍርስራሽ፦ ጠይቁኝ

ለመማር ወደ ማያ (የመካከለኛው አሜሪካ ጥንታዊ ሕዝብ) ከተሞች የምትሄዱ፣ ጠይቁ። የቁጥራቸውን ነጥብና መስመር ማንበብ ሳትለምዱ ግን ቲኬት አትቁረጡ።

ጥ፦ የሒሳብ መምህር ነኝ። ከየት ልጀምር?

መ፦ ከሜክሲኮ፣ ቺቼን ኢትዛ። የኤል ካስቲዮ ፒራሚድ በአራቱም ጎን 91 ደረጃ አለው፤ ከላይኛው ወለል ጋር 365። መውጣት ክልክል ነው፤ ከታች ሆነህ ቁጠር።

ጥ፦ ሆቴል የት ይሻላል? ቪዛስ?

መ፦ ኤምባሲውን ጠይቁ።

ጥ፦ ቁጥሩ እንዴት ነው የሚነበበው?

መ፦ ይኸው፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ነጥብ 1፣ መስመር 5፣ ዛጎል ዜሮ። የታችኛው ረድፍ አንዶች፣ ከላዩ ሃያዎች። ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ቀን ሲቆጠር 400 ሳይሆን 360 ነው። 584ን እንጻፍ። ታች አራት ነጥብ። ከላዩ ሁለት መስመርና አንድ ነጥብ፤ 11 ሃያ፣ 220 ማለት ነው። ከሁሉም በላይ አንድ ነጥብ፣ 360። 584ን ዝም ብዬ አልመረጥኩም። ቬነስ፣ አጥቢያ ኮከባችን፣ በንጋት ብቅ ካለችበት ጠፍታ ቆይታ ዳግም በንጋት ብቅ እስክትል ዙሯ በአማካይ 584 ቀን ነው። አምስት ዙር 2920 ቀን ይሆናል፤ 365 በ8 ሲባዛም ያው። ጀርመን፣ ድሬስደን ያለው የማያ መጽሐፍ ይህን ሰንጠረዥ ይዟል።

ጥ፦ እኔ 624 መጣብኝ።

መ፦ 400 አድርገህ ነዋ! ምን አልኩ? 360!

ጥ፦ በማያ አቆጣጠር ዓለም ትጠፋለች ተብሎ በፈረንጆቹ 2012 ያልጠፋችው ለምንድን ነው?

መ፦ 13ኛው ባክቱን (የማያ ረጅም የቀን ቆጠራ ዘመን) ሞላ፣ ቀጣዩ ጀመረ። አንዱ 144,000 ቀን ነው። አለቀ።

አንድ አባል፦ ዓመታቸው 18 ወር በ20 ቀን፣ ከዚያ 5 ቀን ትርፍ። ጳጉሜን እኮ ነው! ከእኛ ወስደው ነው።

ሌላ አባል፦ ደግሞ ጀመረህ? 5 ቀን የግብፆችም ነበር።

የመጀመሪያው፦ ታዲያ ማያዎች ከየት አመጡት?

መ፦ ከማካፈል። 365 ለ20 ሲካፈልም ለ30 ሲካፈልም 5 ይተርፋል፤ ዝምድና አያስፈልገውም። ደግሞ እነሱ በአራት ዓመት አንዴ ስድስተኛ ቀን አይጨምሩም። ወደ ጉዳያችን።

ጥ፦ በኤል ካስቲዮ ደረጃ ላይ የሚታየውን የእባብ መሰል ጥላ ለማየት መቼ ልሂድ?

መ፦ መጋቢት 11 ወይም 12 አካባቢ፣ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘነብል። በዕለቱ ሕዝቡ አያስቆምም። ጥላው ቀደም ብሎም ዘግይቶም ለጥቂት ቀናት ይታያልና ቀኑን አሸሽ።

ጥ፦ ስለ ማያ በጠቅላላው ቢነግሩን?

መ፦ አልነግርም። ለይታችሁ ጠይቁ።

ጥ፦ 624 የመጣብኝ ነኝ፤ አሁን ተስተካከለ። 2920ስ?

መ፦ ጎበዝ! ታች ዛጎል፣ ከላዩ ሁለት ነጥብ፣ ጫፍ ላይ አንድ መስመርና ሦስት ነጥብ። 8 ጊዜ 360፣ 400 እንዳትል!