የአካባቢያችን ትምህርት ቤት ውጤት ወረደ፤ ልጄን ላዛውራት?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ከተማ ዳር ነው። የአካባቢያችን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አምና ካስፈተናቸው 80 በመቶውን አሳልፎ ነበር፤ ዘንድሮ 70 ሆነ። ጎረቤቶቼ መሸኛ እያወጡ ነው። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ነውና እኔም ላዛውራት?

መልስ፦ በዚህ ቁጥር ብቻ አያዛውሯት። መጀመሪያ ስንት ልጅ እንደተፈተነ ይጠይቁ። በየዓመቱ 40 ያህል ከሆኑ 10 በመቶ ማለት 4 ልጆች ናቸው፤ መምህሩም አሠራሩም ሳይቀየር ይህን ያህል ከፍና ዝቅ ማለት ያለ ነው። 400 ከሆኑ ግን 40 ልጆች ናቸውና አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ትምህርት ቤቱ ትንሽ ከሆነ የሦስት ዓመቱን አላፊዎች ደምረው ለሦስት ዓመቱ ተፈታኞች ድምር ያካፍሉ። ሦስቱን መቶኛ ደምሮ ለሦስት ማካፈል ያሳስታል፤ የተፈታኙ ብዛት በየዓመቱ እኩል አይደለም።

ትልቁ ወጥመድ ያለው ታህቱ ላይ፣ ማለትም መቶኛው ከስንት ልጅ እንደተሰላ ላይ ነው። አምና የተፈተነው ምድብ ዘጠነኛን ሲጀምር 200 ልጆች ነበሩ እንበል። ለፈተና የደረሱት 125፣ ያለፉት 100 ናቸው፤ 80 በመቶ ይባላል። የዘንድሮዎቹም 200 ሆነው ጀመሩ፤ 160 ለፈተና ደረሱ፣ 112 አለፉ፤ 70 በመቶ። ከጀመሩት አንፃር ሲሰላ ግን አምና 50፣ ዘንድሮ 56 በመቶ ነው። «ወረደ» የተባለው ትምህርት ቤት 12 ልጆች ጨምሮ አሳልፏል ማለት ነው። ደካማውን እያስቀሩ መቶኛውን ማሳመር ቀላል ነው፤ ይዞ ማቆየት ነው ከባዱ።

ስለዚህ ከሪከርድ ክፍሉ ሦስት ቁጥር ይጠይቁ፦ ዘጠነኛን የጀመሩ፣ የተፈተኑ፣ ያለፉ። መሸኛ ወስዶ ሌላ ቦታ መመዝገቡ የተረጋገጠውን ከጀማሪዎቹ ይቀንሱ፤ በመሃል ተዛውሮ የገባውን ይደምሩ። ያቋረጠና ክፍል የደገመ ግን አይቀነስም። ከተማ ዳር ቤተሰብ ቶሎ ቶሎ ቤት ስለሚቀይር፣ ያቋረጠው ልጅ «ተዛውሯል» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

ሌላ ትምህርት ቤት ጋር ሲያነጻጽሩ ደግሞ ልጆቹ ከስምንተኛ ክፍል ይዘውት የመጡትን ውጤት ይዩ። አዲስ መኖሪያ መንደር ተሠርቶ የተማሩ ወላጆች ሲገቡ፣ ማስተማሩ ሳይሻሻል አማካዩ ይወጣል። እንደ ልጅዎ ያለ ውጤት ይዘው የገቡት እዚህና እዚያ የት ደረሱ? ፍርዱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤት ስጎበኝ ምን ላይ ላተኩር?

መልስ፦ ቀለሙንና አጥሩን ይተዉት። ከአንድ ክፍል የሦስት ልጆችን የሒሳብ ደብተር ይለምኑ፤ ጎበዝ፣ መካከለኛ፣ ደካማ። የመጨረሻው ቀን መቼ ነው? ስህተቱ ታርሟል ወይስ ፊርማ ብቻ ነው? ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ናቸው? ዓመቱ ተጋምሶ መጽሐፉ ሲሶው ላይ ከሆነ፣ የቀረው በጥድፊያ እንደሚያልቅ ወይም እንደሚዘለል ይጠብቁ።

ስም መጥሪያውንም ይጠይቁ። ከዓመቱ የትምህርት ቀን አንድ አሥረኛውንና ከዚያ በላይ የቀሩ ልጆች ብዙ ከሆኑ፣ ማጠናከሪያ ብቻ ውጤቱን አያቃናውም። የክፍል ማርክ አማካይ 85 ሆኖ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚዘጋጀው ፈተና አማካይ 50 ከሆነ ደግሞ ማርኩ በልግስና እየተሰጠ ሊሆን ይችላል። ጉብኝቱ ከዕረፍት በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ይሁን፤ መምህር የሌለበት ክፍል ያኔ በጩኸቱ ይለያል።