ኮድ መጻፍ ብቻ አይደለም
«ፕሮግራመር ቀኑን ሙሉ ኮድ ሲጽፍ ነው የሚውለው? የትኛውንስ የፕሮግራም ቋንቋ ልማር?» ላልከው፦ ወንድሜ፣ አዲስ ኮድ የምጽፍበት ሰዓት ከምታስበው በጣም ያነሰ ነው። ጠዋት የ15 ደቂቃ የቡድን ስብሰባ አለ፤ ከዚያ የባልደረባን ኮድ መገምገም፣ ሌላ ሰው ከዓመታት በፊት የጻፈውን አንብቦ መረዳት፣ ስህተት ማሳደድ። አንዳንዴ ሦስት ሰዓት ለፍቼ የማስተካክለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እውነቱን ልንገርህ፣ እንደዚያ ያለውን ቀን እወደዋለሁ። ቋንቋውን ግን በወሬ አትምረጥ። ባንክና ኢንሹራንስ በበዙበት ከተማ ብዙውን ጊዜ ጃቫና ሲ ሻርፕ ይፈለጋሉ፤ ጀማሪ ኩባንያዎች በተሰበሰቡበት ጃቫስክሪፕትና ፓይተን። የአካባቢህን የሥራ ማስታወቂያዎች ለአንድ ወር ሰብስበህ ቁጠር፤ ደጋግሞ የመጣውን ያዝ። ከርቀት መሥራት ለጀማሪ ይከብዳል፤ የመጀመሪያ ሥራህን አጠገብህ ተቀምጦ ከሚያሳይህ ሰው ጋር ብትጀምር እመርጥልሃለሁ።