መልስ፦ ሬግ3 አልፋ የቆሽት ነው ወይስ የአንጀት?

«የቆሽት ሕመም ምልክት ነው የሚባለው ሬግ3 አልፋ የተባለ ፕሮቲን እንዴት አንጀት ውስጥ ባክቴሪያ ገዳይ ሆነ?» ላልከው፣ ሁለቱም ልክ ነው። ግራ የሚያጋባው የድሮ ስሙ ነው። መጀመሪያ የታወቀው ቆሽታቸው በተቆጣ አይጦች የቆሽት ፈሳሽ ውስጥ ስለነበር «ከቆሽት ብግነት ጋር የተያያዘ ፕሮቲን» ተባለ፤ በዚያው ቀረ።

በጤናማ ሰው ግን ዋና ቤቱ ትንሹ አንጀት ነው። የአንጀት ግድግዳ ሴሎች፣ በተለይ ባክቴሪያን የሚከላከሉ ነገሮችን የሚያመነጩት የፓኔት ሴሎች፣ ያመነጩታል። ዒላማው ፔፕቲዶግላይካን የሚባለው የባክቴሪያ ግድግዳ ነው። ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያ ላይ ይህ ግድግዳ በውጭ የተጋለጠ ስለሆነ በቀላሉ ይይዘዋል፤ ግራም ኔጌቲቮቹን ግን ተጨማሪ የውጭ ሽፋናቸው ያድናቸዋል። ከዚያ ስድስት የሬግ3 አልፋ ሞለኪውሎች ቀለበት ሠርተው የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሱታል፤ የውስጡ ይፈስሳል፣ ይሞታል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ መቆለፊያው ነው። ፕሮቲኑ ሲወጣ ጫፉ ላይ ሥራውን የሚያግድ አጭር ጭራ አለው። ጭራውን የሚቆርጠው ትሪፕሲን የሚባለው ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይም ነው፤ ትሪፕሲን ደግሞ የሚመጣው ከቆሽት! አንዱ ያመርታል፣ ሌላው ይከፍታል።

አንጀትን ከባክቴሪያ ነጻ ያደርጋል ማለት ግን አይደለም፤ ሥራው ማራቅ ነው። በአይጦች ላይ የሱ ዘመድ የሆነው ሬግ3 ጋማ ባክቴሪያዎቹን ከትንሹ አንጀት ግድግዳ ወደ 50 ማይክሮሜትር ያህል ያርቃቸዋል። ጂኑ ሲጠፋ ተጠግተው ይለጠፋሉ።

ቆሽት ውስጥ በደህና ጊዜ መጠኑ ትንሽ ነው፤ ብግነት ሲነሳ ግን በብዛት ይመረታል። እዚያ ሚናው ሴሎቹን ከሞት መከላከልና ብግነቱን ማብረድ ይመስላል። አንጀት ሲጎዳም ደም ውስጥ ስለሚጨምር፣ ከፍ ማለቱ ብቻውን «ቆሽት ታሟል» አያሰኝም።