765 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ሰው እያለ ሜትስ ለምን ቀረ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ በኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ፣ ታክሲ እየነዳ ይኖራል፤ ከሦስት ዓመት በፊት ሰማያዊና ብርቱካንማ ቆብ ከላከልኝ ጀምሮ እኔም የሜትስ ቤዝቦል ቡድን ደጋፊ ሆኛለሁ። ጨዋታው ብዙውን ጊዜ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ስለሚጀምር፣ ስልኬን ከቁልፍ መስቀያው ሥር አስደግፌ እከታተላለሁ፤ ሲያልቅ አሞራ ገደል ላይ የዓሣ አጥማጆች ድምፅ መሰማት ይጀምራል። ያለፈው ዓመት ግን አሳረረኝ። በሰኔ መጀመሪያ ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ የተሻለ ውጤት የነበረው ሜትስ በመስቀል ማግስት ከውድድር ወጣ። ለመቺው ለሁዋን ሶቶ 765 ሚሊዮን ዶላር ተፈርሞ ይህ ከሆነ ገንዘቡን ውኃ በላው ማለት አይደለም ወይ? የ15 ዓመት ውልስ ምን የሚሉት ነው? ይህ ሳያንስ ነባሩን ተጫዋች ፒት አሎንሶን ለቀቁት፤ ሌላውን ነባር ብራንደን ኒሞን ለሌላ ክለብ አሳልፈው ሰጡት። ወንድሜ «ባለቤቱ ሰውን እንደ ሸቀጥ ያያል» ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?
የሌሊት ተረኛው፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ንዴትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ያነጣጠረው በተሳሳተ ሰው ላይ ይመስለኛል። ሶቶ ከኒው ዮርክ ያንኪስ መጥቶ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ቢቀዘቅዝም፣ ዓመቱን የጨረሰው በ43 ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ መትቶ በማስቆጠር) ነው፤ ይህም እስከዚያ ድረስ በአንድ ዓመት ካስመዘገበው ሁሉ ይበልጣል። 127 ጊዜ የማይመቱ ኳሶችን በትዕግሥት እያሳለፈ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ማለትም ለማስቆጠር በተራ ከሚረገጡት ማረፊያዎች ወደ መጀመሪያው፣ ሄዷል፤ ፈጣን ሯጭ ነው ተብሎ የማያውቀው ይህ ሰው 38 ቤዝ «ሰርቋል»፤ ማለትም ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ቀጣዩ ማረፊያ ደርሷል። ከአንድ መቺ ከዚህ በላይ መጠየቅ ይከብዳል። እግር ኳስ የለመደ ዓይን የሚስተው አንድ ነገር ግን አለ። እግር ኳስ ላይ ቡድኑ ሲጨንቀው ኳሱን ሁሉ ለኮከቡ አጥቂ ሊያቀብል ይችላል፤ በቤዝቦል ግን ዘጠኙ መቺዎች በተራቸው ስለሚገቡ፣ ሶቶ በአንድ ጨዋታ የሚደርሰው አራት ወይም አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ጨዋታውን የሚወስነው ኳስ ስምንተኛው መቺ ላይ ከዋለ ባለ 765 ሚሊዮኑ ሰው ተቀምጦ ከማየት ሌላ ምርጫ የለውም።

የሜትስ ጉዳት የመጣው ለተቃራኒ መቺዎች ኳስ ከሚወረውሩት ከወርዋሪዎቹ ነው። ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ሜትስ ዋሽንግተንን አሸንፎ 45 ድልና 24 ሽንፈት ላይ ደረሰ። በዚያው ጨዋታ ጃፓናዊው ወርዋሪ ኮዳይ ሴንጋ የመጀመሪያውን ቤዝ ለመሸፈን ሮጠ፤ ከአሎንሶ የተወረወረለት ኳስ ከፍ ስላለበት ዘሎ ያዘው፣ ከዚያ የጭኑን የኋላ ጡንቻ ይዞ መሬት ላይ ወደቀ። ሴንጋ እስከዚያ ቀን ድረስ በዘጠኝ ኢኒንግ (ዙር)፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ጨዋታ ልክ፣ በአማካይ የሚቆጠርበት 1.47 ነጥብ ብቻ ነበር። ከጉዳቱ ሲመለስ ያው ሰው አልነበረም፤ በመጨረሻም በራሱ ፈቃድ ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። ከሰኔ 5 በኋላ ቡድኑ 38 አሸንፎ 55 ተሸነፈ። በዓመቱ ከ40 በላይ ወርዋሪዎችን አሰልፏል፤ ይህን ያህል ሰው መፈራረቁ ብቻውን የችግሩን ስፋት ይናገራል።

መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም. እርስዎ እንደ ጻፉት የመስቀል ማግስት ነበር። ሜትስ በማያሚ 4 ለ 0 ተሸነፈ። እጅግ የሚያስቆጨው ወደ ጥሎ ማለፉ ለሚያስገባው ቦታ ተፎካካሪው የነበረው ሲንሲናቲም በዚያው ዕለት መሸነፉ ነው። ሁለቱም 83 ድልና 79 ሽንፈት ይዘው እኩል ጨረሱ፤ በቤዝቦል ግን እኩል የሆኑትን የሚለየው እንደኛው እንደ ጎል ክፍያ ያለ ስሌት ሳይሆን እርስ በርስ ያደረጓቸው ጨዋታዎች ውጤት ነው፤ በዚያ የበለጠው ሲንሲናቲ አለፈ። ከ162 ጨዋታ አንዲት ድል ብትጨመር ኖሮ ይህን ደብዳቤ አይጽፉልኝም ነበር።

ወደ ውሉ እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ ወደ ዋናው ሊግ የገባ ተጫዋች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ገደማ የሚጫወተው በዝቅተኛው ደመወዝ አካባቢ ነው፤ ይህም በ2025 እ.ኤ.አ. 760 ሺሕ ዶላር ነበር። ቀጥሎ ደመወዙ በድርድር፣ ካልተስማሙም በግልግል ዳኝነት ይወሰናል። እንደ ልቡ ክለብ መርጦ መፈረም የሚችለው ስድስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው። ለምሳሌ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከታችኛው ሊግ የመጣው ወጣት ወርዋሪ ኖላን ማክሊን አምስት አሸንፎ አንድ ብቻ ሲሸነፍ፣ ከቡድኑ እጅግ ርካሽ ከሆኑት ተከፋዮች አንዱ ነበር። እንግዲህ ብርታቱ ሙሉ በሆነበት ዘመን በርካሽ ያገለገለ ሰው፣ ነፃ በወጣ ጊዜ ያለፈውንም የሚመጣውንም አንድ ላይ ይጠይቃል። ሶቶ ገና በ2022 እ.ኤ.አ. ከዋሽንግተን የቀረበለትን የ15 ዓመት፣ የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልፈልግም ብሎ ወደ ሳንዲዬጎ በልውውጥ መሄዱን ያስታውሱ። በ26 ዓመቱ ገበያ ላይ ለመውጣት ነበር የጠበቀው፤ ስሌቱም ሠርቶለታል።

የዓመቱ ብዛት ደግሞ ለክለቡም ይጠቅማል። ሊጉ የክለቦችን የደመወዝ ወጪ የሚቆጥረው የውሉን ጠቅላላ ገንዘብ ለዓመቶቹ አካፍሎ ነው። 765 ሚሊዮን ለ15 ሲካፈል በዓመት 51 ሚሊዮን ይሆናል፤ ያው ገንዘብ በአሥር ዓመት ቢፈረም 76 ሚሊዮን ተኩል ይሆን ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. ከ241 ሚሊዮን ዶላር ያለፈ ክለብ «የቅንጦት ግብር» ይከፍል ነበር፤ እንደ ሜትስ በተከታታይ ዓመታት ጣሪያውን የጣሰና ከ301 ሚሊዮን ያለፈ ደግሞ ከዚያ እርከን በላይ በሚያወጣው በእያንዳንዱ ዶላር 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ግብር ይጨመርበት ነበር። በ2039 እ.ኤ.አ. ውሉ ሲያበቃ ሶቶ 41 ዓመት ይሞላዋል፤ የመጨረሻዎቹ ዓመታት እንደሚያስከፉ ባለቤቱ ስቲቭ ኮኸንም ሳያውቅ የፈረመ አይመስለኝም። ክለቡ ተጫዋቹ ደከመ ብሎ ደመወዙን መቀነስ አይችልም፤ ቢያሰናብተው እንኳ ቀሪውን ይከፍላል።

«ሸቀጥ» ስላሉት ነገር፣ የወንድምዎን ቃል በከፊል ብቻ እቀበላለሁ። በቤዝቦል እንደ እግር ኳስ ክለብ ለክለብ የዝውውር ዋጋ ከፍሎ ተጫዋች መግዛት የተለመደ አይደለም፤ ሰው በሰው ይለወጣል፣ ውሉም ከነዕዳው አብሮት ይሄዳል። ኒሞ በ162 ሚሊዮን ዶላር የስምንት ዓመት ውሉ ውስጥ ያለፈቃዱ እንዳይለወጥ የሚከለክል አንቀጽ ነበረው፤ ወደ ቴክሳስ የሄደው፣ በምትኩም ማርከስ ሴሚየን የመጣው፣ እሱ ራሱ ይሁን ካለ በኋላ ነው። አሎንሶም ቢሆን የተባረረ አይደለም። ውሉን ማቋረጥ የሚያስችለውን መብት ተጠቅሞ ነፃ ሆነ፤ በ31 ዓመቱም ከባልቲሞር የአምስት ዓመት፣ የ155 ሚሊዮን ዶላር ውል አገኘ። በሜትስ ታሪክ የሆም ረን ክብረ ወሰን የያዘ ሰው በሌላ መለያ ማየት ለደጋፊ መራራ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ለዕድሜው የተሰጠውን ዓመት ሳየው ክለቡ አልከተልም ማለቱ አያስወቅሰውም።

እኔን ያሳሰበኝ የኤድዊን ዲያዝ መሄድ ነው። መሪነትን አስጠብቆ ጨዋታ የሚዘጋው ይህ ወርዋሪ ለሦስት ዓመት በ69 ሚሊዮን ዶላር ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ፈረመ። በውርወራ ምክንያት የወደቀ ቡድን እጅግ የሚታመንበትን ወርዋሪ፣ ያውም ሁለት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ ለወሰደ ክለብ፣ መልቀቁ አልገባኝም። ቁጣዎን ወደዚህ ቢያዞሩት አብሬዎ እቆጣለሁ።

በደብዳቤዎ ጀርባ «ጫማ የሰቀለ ተጫዋች እስካሁን በሜትስ ይከፈለዋል የሚባለው እውነት ነው?» ብለው ጠይቀዋል። እውነት ነው። ቦቢ ቦኒያ ለሜትስ ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ክለቡ 5.9 ሚሊዮን ዶላር ዕዳውን ወዲያው እንዳይከፍል በ8 በመቶ ወለድ አቆየው፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በየዓመቱ በእኛ ሰኔ 24 ቀን ወደ 1.19 ሚሊዮን ዶላር ይሰጠዋል። የመጨረሻው ክፍያ በ2035 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቦኒያ ያኔ 72 ዓመቱ ይሆናል፣ ሶቶ ደግሞ ገና አራት የውል ዓመት ይቀረዋል።