የኮንትሮል መልእክት ከግቢ እንዳይወጣ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ዩዝኔት (ሰዎች በየርዕሱ በተከፈቱ የዜና ቡድኖች ጽሑፍ የሚለዋወጡበት የሰርቨሮች መረብ) ሰርቨር አስተዳደር ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው የመጣው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ የዜና ቡድን ለመክፈት፣ ለመዝጋት ወይም ጽሑፍ ለመሰረዝ የሚላኩት የኮንትሮል መልእክቶች እስከ የት ይሄዳሉ? እንዴትስ ይገደባሉ? ምሳሌዎቼ ሁሉ አይኤንኤን በሚባለው የዜና ሰርቨር ሶፍትዌር ላይ ናቸው፤ ስሠራበት የኖርኩት እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኮንትሮል መልእክት ከተራ ጽሑፍ በምን ይለያል?

መልስ፦ በአካሄዱ ብዙም አይለይም፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው። እንደማንኛውም ጽሑፍ ሰርቨሮች እየተቀባበሉት ይጓዛል። የሚለየው ራስጌው ላይ «ኮንትሮል» የሚል መስመር ስላለው ነው። ሰርቨሩ ያንን መስመር ሲያይ እንደ ትዕዛዝ ያነበዋል፦ ኒውግሩፕ ከሆነ ቡድን ክፈት፣ አርኤምግሩፕ ከሆነ ዝጋ፣ ካንስል ከሆነ ይህን ጽሑፍ ሰርዝ። ዩዝኔት እ.ኤ.አ. በ1979 በዱክና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲጠነሰስ ጥቂት ማሽኖችን ለማገናኘት ነበር፤ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ዘዴ ከጅምሩ አልተበጀለትም። ዛሬ የምናጥረው አጥር ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ለጎረቤት ሰርቨር በምልከው ፊድ (የትኞቹ ቡድኖች እንደሚሄዱለት በሚወስነው መስመር) ላይ «*፣ !ኮንትሮል፣ !ኮንትሮል.*» ብዬ ጽፌያለሁ። የውስጥ ቡድን የከፈትኩበት ኒውግሩፕ ግን ወጥቶ ሄደ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። መስመሩን «ኮንትሮል የሚባል ነገር አይውጣ» ብለህ ነው ያነበብከው፤ ሰርቨሩ ግን እንደዚያ አይረዳውም። አይኤንኤን የመጣውን የኮንትሮል መልእክት «ኮንትሮል» በሚባል ለአሠራር ብቻ በተፈጠረ ቡድን ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ «ኮንትሮል.ኒውግሩፕ» የሚባል ካለ ደግሞ እዚያ ያስገባዋል። !ኮንትሮል ስትል «እዚያ ማስቀመጫ ውስጥ ስለገባ ብቻ አትላክለት» ማለትህ ነው።

መልእክቱ ግን ሌላ በር አለው። ራስጌው ላይ «አፕሩቭድ» (የተፈቀደ) የሚል መስመር ያለው ኒውግሩፕ፣ በሚከፈተው ቡድን ስም ከተላከ፣ የዚያን ቡድን ጽሑፎች ሊቀበል ለሚችል ጎረቤት ሁሉ ይሄዳል። አርኤምግሩፕም እንደዚሁ ነው። ቡድኑ ገና ባይኖር እንኳ ለውጥ የለውም። ፊድህ የሚጀምረው በኮከብ ነው፤ ኮከብ ማለት ሁሉም ማለት ነው፣ ነገ የምትከፍተውም ጭምር። አሠራሩ ያለ ምክንያት አልተደረገም፤ ቡድኑን የሚቀበል ጎረቤት መከፈቱንም መስማት አለበት። ስለዚህ የውስጥ ቡድኖችህ ሁሉ በአንድ የጋራ ስም ይጀምሩ፤ ያንንም ስም በእያንዳንዱ ጎረቤት ፊድ ላይ በ! አስቀረው። !ኮንትሮልን ግን እንዳታወጣው። እሱ ከሌለ በኮከብ የሚቀበልህ ጎረቤት የማይመለከተው ትዕዛዝ ሁሉ ይጎርፍበታል።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ሦስት ሰርቨሮች አሉ። መዝጋት የምፈልገው ቡድን የውስጥ አይደለም፣ ከውጭ የምንቀበለውና ለጎረቤትም የምናሳልፈው ነው። ትዕዛዙ ለሦስቱ ይድረስ፣ ከድርጅቱ ግን አይውጣ። ይቻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ በጣም የወደድኩት ይሄን ነው። እዚህ ላይ በስም ማስቀረት አያዋጣም፤ ጎረቤትሽ ቡድኑን ይፈልገዋልና። ሰርቨሩ አንድ ብቻ ቢሆን መልእክት መላክም አያስፈልግሽም፤ እዚያው ማሽኑ ላይ ሲቲኤል-አይኤንኤንዲ በሚባለው የአይኤንኤን ማዘዣ ትዘጊው ነበር፤ ያልተላከ መልእክት አያመልጥም። ለሦስት ግን ሁነኛው መፍትሔ «ዲስትሪቢዩሽን» የሚባለው የራስጌ መስመር ነው። ሥራው ጽሑፉ እስከ የት እንዲሄድ እንደታሰበ መናገር ነው።

ሥራው ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ ከተረሳ ሁለቱም ከንቱ ነው። በመልእክቱ ራስጌ ላይ የድርጅታችሁን መለያ በዲስትሪቢዩሽን መስመር ትጽፊያለሽ። ከዚያ ፊዶቹ በሚጻፉበት በኒውስፊድስ ፋይል ውስጥ ለውጭ ጎረቤቶች በተጻፈው መስመር፣ ከቡድኖቹ ዝርዝር ቀጥሎ ያዘመመ መስመር (/) አድርገሽ ያንኑ መለያ በ! ትከለክያለሽ። በድርጅቱ ውስጥ ላሉት ለሁለቱ ሰርቨሮች ግን አትከልክይ። ጎረቤቱ ላይ ምንም የዲስትሪቢዩሽን ገደብ ካልተጻፈ፣ ራስጌው ላይ የጻፍሽው ቃል አያስቆመውም፤ ዝም ብሎ ያልፋል። በተቃራኒውም፣ ራስጌው ላይ ጨርሶ ካልጻፍሽ ገደቡ የሚይዘው ነገር ስለማያገኝ መልእክቱ ይወጣል።

መለያው ደግሞ «ሎካል» የሚለው ተራ ቃል ብቻ አይሁን። ያንን ቃል ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል፤ ከሌላ ድርጅት አምልጦ የመጣ «ሎካል» እናንተ ጋ የቤት ልጅ መስሎ ይገባል። የራሳችሁ የሆነ፣ ከማንም ጋር የማይምታታ ስም አውጡለት።

ጥያቄ፦ ካንስልንስ እንገድበው?

መልስ፦ ካንስል ጽሑፉን ተከትሎ እስከደረሰበት መሄድ አለበት። ጽሑፍህ ዓለምን ዞሮ ካንስሉን ግቢ ውስጥ ብታስቀረው፣ አንተ ጋ ጠፍቶ ሌላው ጋ ተቀምጦ ይነበባል። የውስጥ ጽሑፍ ከሆነ ግን ካንስሉም ያንኑ ዲስትሪቢዩሽን ይያዝ። በሰው ስም አስመስሎ የሚላከው ካንስል ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለእሱ እ.ኤ.አ. በ2018 አርኤፍሲ 8315 በተባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ የተደነገገው የካንስል ቁልፍ አለ።

ጥያቄ፦ ከውጭ የሚመጣብንስ?

መልስ፦ ኮንትሮል.ሲቲኤል በሚባለው ፋይል ትወስናለህ። የትኛው ዓይነት ትዕዛዝ፣ ከማን፣ ስለ የትኛው ቡድን ሲመጣ ይፈጸም፣ ይጣል፣ ወይስ ለአድሚኑ በኢሜይል ይነገር የሚለው እዚያ ይጻፋል። የመጨረሻው የተስማማ መስመር ነው የሚያሸንፈው፤ ስለዚህ የራስህን ከታች ጻፍ። በፒጂፒ (በዲጂታል ፊርማ ዘዴ) የሚፈረሙትን ፊርማቸውን አረጋግጠህ ተቀበል። በውስጥ ቡድንህ ስም ከውጭ የሚመጣውን ጣለው። ሴንድሲስ የተባለውን ትዕዛዝ ያለ ማመንታት ጣል። ድሮ ሰርቨሮች ሴንድሲስ ሲደርሳቸው የፊድ ዝርዝራቸውን ለላኪው በኢሜይል ይልኩ ነበር፤ ተንኮለኛ በሌላ ሰው አድራሻ አስመስሎ ሲልከው የዚያ ሰው የኢሜይል ሳጥን ከየአገሩ በመጣ መልስ ይጥለቀለቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው አርኤፍሲ 5537 ጊዜ ያለፈበት ነው ብሎታል።

ጥያቄ፦ አንዴ ካመለጠ ይመለሳል?

መልስ፦ አይመለስም። ጀማሪ ሳለሁ ለሠራተኞች የውስጥ ቡድን ልከፍት ኒውግሩፕ ያለ ዲስትሪቢዩሽን ላክሁ። ጠዋት ስገባ የሁለት ጎረቤት አድሚኖች ኢሜይል ጠበቀኝ። አንደኛው ሰርቨር ትዕዛዙን ፈጽሞ፣ ባዶው ቡድናችን በአንባቢዎቹ ዝርዝር ውስጥ ይታይ ነበር። ደንግጬ አርኤምግሩፕ ላስከትልበት ነበር፤ ደግነቱ አንድ ታላቄ «ሁለተኛ ትዕዛዝ አታባርርበት፣ ደውልላቸው» አለኝ። ደወልኩ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ በእጃቸው ዘጉት።

ጥያቄ፦ በትክክል መገደቡን እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ በተራ የሙከራ ጽሑፍ ጀምር፤ በትዕዛዝ አትሞክር። በውስጥ ቡድን ላይ ዲስትሪቢዩሽኑን ጽፈህ ላክና የሰርቨሩን የዜና ሎግ ክፈት። ተቀባይነት ያገኘ ጽሑፍ በመደመር ምልክት ይመዘገባል፤ በመስመሩ መጨረሻ ላይ የተላከላቸው ጎረቤቶች ስም ይደረደራል። እዚያ የውጭ ጎረቤት ስም ካየህ ወደ ኒውስፊድስ ተመለስ። ሁለቱን የግቢ ሰርቨሮች ብቻ ካየህ፣ ያኔ ኒውግሩፑን ላክና ያንኑ መስመር ደግመህ እይ።