ጥያቄና መልስ፦ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ኦፕሬቲንግ ሲስተም

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለ ቨርቹዋል ማሽን በዝተዋል። ለማያውቀው፣ ቨርቹዋል ማሽን ማለት እንደ ማንኛውም ፕሮግራም በመስኮት የሚከፈት ሌላ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ራም፣ የራሱ ዲስክ፣ የራሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አለው።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም አለው። ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) መልመድ ፈልጌ ነበር፤ ዊንዶውሴ እንዳይጠፋብኝ ግን ፈራሁ።

መልስ፦ አይጠፋም፣ አይዞህ። ለጀማሪ የማልመክረው ሁለቱን ጎን ለጎን መጫን ነው። እሱ ዲስክ መከፋፈል ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው ፋይሉን የሚያጣው እዚያ ላይ ነው። ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬደውን ቨርቹዋልቦክስን በነፃ አውርድ። ለሊኑክሱ ከ3 እስከ 4 ጊጋ ራም ስጠው፣ ከዚያ አትለፍ፤ ለዊንዶውሱም መትረፍ አለበት። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ከከበደው ቀለል ያለውን ሉቡንቱን ሞክር። ከዚያ እንደፈለግክ ነካካው። ቢበላሽ ማሽኑን ሰርዘህ እንደገና መጫን ነው፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ ቨርቹዋልቦክስ 32 ቢት ብቻ ያሳየኛል። 64 ቢት የሚል ምርጫ የለውም።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ችግሩ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ነው። መጀመሪያ ታስክ ማናጀርን ክፈት፣ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ የሚለውን ንካ። ከታች ቨርቹዋላይዜሽን ከሚለው አጠገብ ዲስኤብልድ ካለ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ስታበራ ባዮስ ግባ። በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ10 ነው። በኢንቴል ቪቲ-ኤክስ ወይም ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ፣ በኤኤምዲ ደግሞ ኤስቪኤም የሚለውን አብርተህ ሴቭ አድርግ። ሌላውን ምንም አትንካ።

ጥያቄ፦ ማክቡክ ኤም1 አለኝ። ዊንዶውስ ይሠራልኛል?

መልስ፦ ለአርም (እንደ ኤም1 ላለው የፕሮሰሰር ዓይነት) የተዘጋጀው ዊንዶውስ 11 ይሠራል። ዩቲኤም የሚባለው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ነፃ ነው። ለኢንቴል የተሠራ ሊኑክስ ወይም አሮጌ ዊንዶውስ ግን በጣም ይንቀራፈፍብሃል፤ አልመክርህም።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የድርጅታችን የብዙ ዓመት ሒሳብ ያለው አሮጌ ፒችትሪ የሚባል የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ነው። አዲሱ ዊንዶውስ 11 ላይ አልጫን አለኝ፤ አሮጌው ኮምፒውተር ደግሞ አንድ ቀን እምቢ ማለቱ አይቀርም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቨርቹዋል ማሽን ከምንም በላይ የሚጠቅመው እንደ እርስዎ ላለ ሰው ነው። በማሽኑ ውስጥ ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ 7 ይጫኑ፣ ፒችትሪውን እዚያ ያስገቡ፣ ባክአፑን ይመልሱበት። ከዚያ የማሽኑን ኔትወርክ ያጥፉት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ይሰጠው የነበረውን ነፃ የደህንነት ማሻሻያ ያቆመው ጥር 2012 ዓ.ም ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ማውጣቱ አደጋ አለው።

አሁን የምነግርዎትን አደራ እንዳይዘነጉ። ስናፕሾት (ማሽኑ በአንድ ወቅት የነበረበትን ሁኔታ ይዞ ወደዚያ የሚመልሰው) ባክአፕ አይደለም። ስናፕሾቱ የሚቀመጠው እዚያው ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ከዚህም የባሰ አለ። የሰኞውን ስናፕሾት ሐሙስ ቢመልሱ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ የመዘገቡት ደረሰኝ በሙሉ ይጠፋል። ስናፕሾት አዲስ ነገር ከመጫንዎ በፊት ለመሞከሪያ ይሁን፤ ለሒሳቡ ግን አይመኑት።

ማታ ከመውጣትዎ በፊት የፒችትሪውን የራሱን ባክአፕ ይውሰዱና ፋይሉን ከቨርቹዋል ማሽኑ ያውጡት፣ በሼርድ ፎልደር (ማሽኑና ኮምፒውተሩ በጋራ በሚያዩት ፎልደር) ወይም በፍላሽ። አንድ ኮፒ ከቢሮ ውጭ ይቀመጥ። ኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ያለ ዩፒኤስ አይጀምሩ። መብራት ድንገት ሲሄድ የቨርቹዋል ማሽኑ ዲስክ ሊበላሽ ይችላል፤ እሱ ደግሞ አንድ ትልቅ ፋይል ስለሆነ ሒሳቡን፣ ፒችትሪውንና ዊንዶውሱን በአንዴ ሊያሳጣዎት ይችላል። በቨርቹዋል ማሽኑ ላይ ቢያንስ የአንድ ወር ሒሳብ ዘግተው እስኪያዩ ድረስ አሮጌውን ኮምፒውተር አያስወግዱት።