ሰርቨሩ ይሠራል፣ ኤጀንቱ ግን አያየውም

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች በአመዛኙ አንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ የኤምሲፒ ሰርቨርን ከኤአይ ኤጀንት (በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ከሚያከናውን ፕሮግራም) ጋር ማገናኘት። ኤምሲፒ አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የመግባቢያ ደንብ ነው። ኤጀንቱ ዳታቤዝ ማየት ወይም ትዕዛዝ መመዝገብ ሲያስፈልገው ሰርቨሩን «ምን ምን ቱል (መሣሪያ) አለህ?» ብሎ ይጠይቅና የሚበጀውን መርጦ ይጠራል። የኮምፒውተር ትዕዛዞችን እንደ ድምፃቸው በፊደላችን ጽፈናል፤ ኪቦርዱ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።

ጥያቄ፦ «ኡቡንቱ በተጫነበት የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ኤን ኤይት ኤንን (ኤጀንቱ የሚሠራበትን ፕሮግራም) በዶከር፣ ማለትም ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ፣ አስነስቻለሁ። የመጋዘን ዕቃ ብዛት ከዳታቤዝ የሚያወጣ የኤምሲፒ ሰርቨር በፓይተን ጽፌ እዚያው ኮምፒውተር ላይ በፖርት (የመገናኛ ቁጥር) 8000 አስጀምሬያለሁ። በኤምሲፒ ኢንስፔክተር (የሰርቨር መፈተሻ ፕሮግራም) ስሞክረው ሁለቱም ቱሎች ይታያሉ፣ ይሠራሉም። ያንኑ የሎካልሆስት አድራሻ ለኤን ኤይት ኤን ስሰጠው ግን መገናኘት አልቻልኩም ይላል። ምን ጎደለ?» ከአዳማ

መልስ፦ የጎደለ ነገር የለም፤ የተሳሳተው አድራሻው ነው። «ሎካልሆስት» ማለት «እዚሁ» ማለት ነው፤ «እዚሁ» ደግሞ እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ኢንስፔክተሩ የሚሠራው በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ስለሆነ «እዚሁ» ሲል ኮምፒውተሩን ማለቱ ነው። ኤን ኤይት ኤን ግን ኮንቴይነር ውስጥ ስላለ «እዚሁ» ሲል ኮንቴይነሩን ነው፤ እዚያ ውስጥ በፖርት 8000 የሚያዳምጥ ማንም የለም።

መጀመሪያ ኮንቴይነሩ ኮምፒውተሩን የሚጠራበት ስም ያስፈልገዋል። በኮምፖዝ ፋይሉ (ዶከር ምን እንደሚያስነሳ በሚነግረው ፋይል) ላይ ከኤን ኤይት ኤን አገልግሎት ሥር «ኤክስትራ ሆስትስ» የሚል መስመር ይጨምሩና «ሆስት.ዶከር.ኢንተርናል» የሚለውን ስም ከ«ሆስት-ጌትዌይ» ጋር በሁለት ነጥብ ያያይዙ። ዊንዶውስና ማክ ላይ ዶከር ዴስክቶፕ ይህን ስም ራሱ ያዘጋጃል፤ ኡቡንቱ ላይ ግን ካልጻፉት የለም። ከቪዲዮ የተቀዳ አድራሻ እዚያ ሠርቶ እዚህ እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ፋይሉን ካስተካከሉ በኋላ ሪስታርት ማድረግ አይበቃም፤ ኮንቴይነሩ እንደ አዲስ እንዲፈጠር «ዶከር ኮምፖዝ አፕ»ን ያስኪዱ።

ቀጥሎ ሰርቨሩ የሚያዳምጥበት አድራሻ አለ። ፋስትኤምሲፒን (የኤምሲፒ ሰርቨር በፓይተን የሚጻፍበትን ቤተ መጻሕፍት) ምንም ሳይነግሩት ካስነሱት በ127.0.0.1፣ ማለትም በሎካልሆስት፣ ብቻ ነው የሚያዳምጠው፤ ከኮንቴይነር የሚመጣ ጥሪ ኡቡንቱ ላይ አይደርሰውም። «ሆስት» የሚለውን 172.17.0.1 ያድርጉት፤ ዶከር ሲጫን ለኮምፒውተሩ በተለምዶ የሚሰጠው የውስጥ አድራሻ ይህ ነው። የእርስዎ የተለየ ከሆነ ከ«አይፒ አድር» ትዕዛዝ ውጤት ውስጥ ዶከር0 ከሚለው ሥር ያገኙታል። ብዙዎች 0.0.0.0 (በሁሉም አድራሻ አዳምጥ) ያደርጉታል፤ መሥራቱን ይሠራል፣ ነገር ግን የቢሮውን ዋይፋይ ለሚጠቀም ሁሉ የመጋዘኑን በር ከፍቶ መተው ነው። እኛ አንመክረውም።

አሁን ኤን ኤይት ኤን ውስጥ ገብተው ከኤአይ ኤጀንት ኖዱ ሥር «ቱል» በሚለው በኩል «ኤምሲፒ ክላየንት ቱል»ን ያገናኙ። ኢንድፖይንቱ (የሰርቨሩ አድራሻ የሚገባበት ቦታ) ላይ ኤስ የሌለውን ኤችቲቲፒ፣ ቀጥሎ ሆስት.ዶከር.ኢንተርናልን፣ ፖርት 8000ን፣ መጨረሻ ላይ ስላሽ ኤምሲፒን ይጻፉ። ትራንስፖርቱ (መልእክቱ የሚጓዝበት ዘዴ) «ኤችቲቲፒ ስትሪመብል» ይሁን። ኤስኤስኢ የሚለው ምርጫ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ደንብ አሠራር ነው፤ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. በወጣው ተተክቷል። ሰርቨሩ በአንዱ፣ ኤጀንቱ በሌላው ከሆኑ አድራሻው ትክክል ሆኖም አይግባቡም።

ይህም ሆኖ እምቢ ካለ የስህተቱን ዓይነት ልብ ብለው ይዩ። ወዲያውኑ «ከኔክሽን ሪፊዩዝድ» ካለ ጥሪው ደርሷል፣ ግን በዚያ አድራሻና ፖርት ላይ የሚያዳምጥ የለም። ዝም ብሎ ቆይቶ «ታይምአውት» ካለ ፋየርዎሉን ይጠርጥሩ፤ የኡቡንቱ ፋየርዎል ዩኤፍደብሊው ሥራ ላይ ከሆነ ከ172.16.0.0/12 (የኮንቴይነሮቹ አድራሻ ከሚገኝበት ክልል) ወደ ፖርት 8000 ለሚመጣ ጥሪ ፈቃድ ይስጡ። 404 ካለ መጨረሻው ላይ ያለውን ስላሽ ኤምሲፒ ረስተዋል። 421 በተለይ ዊንዶውስና ማክ ላይ ያጋጥማል፤ አዲሱ የፓይተን ቤተ መጻሕፍት በ127.0.0.1 ሲያዳምጥ ሌላ ስም ይዞ የመጣን ጥሪ ለጥንቃቄ ይመልሰዋል፣ ስሙን በተፈቀዱ ሆስቶች ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ነው።

ብሮውዘር ላይ ከፍቶ መሞከር ግን ያሳስታል። ብሮውዘሩ የኤምሲፒን ቋንቋ ስለማይናገር 406 ወይም 400 ይመለስልዎታል፤ ይህን ያየ ሰው ሰርቨሩ ተበላሸ ብሎ እንደ አዲስ መጻፍ ይጀምራል። እንዲያውም ደስ ሊልዎ ይገባል፤ ሰርቨሩ ተገኝቷል፣ መልስም ሰጥቷል። አስተማማኙ ሙከራ በ«ዶከር ኤክዜክ» ኮንቴይነሩ ውስጥ ሆኖ በ«ደብሊውጌት» ያንኑ አድራሻ መጥራት ነው። ከዚያ 406 ከመጣ የኔትወርኩ ጉዳይ አልቋል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ «ክሎድ ዴስክቶፕ (የአንትሮፒክ የኤአይ ፕሮግራም) ላይ የጨመርኩት ሰርቨር ይነሳና ወዲያው ይቋረጣል። ተርሚናል ላይ ለብቻው ሳስነሳው ምንም ችግር የለበትም። ዊንዶውስ 11 ነው።» ከባሕር ዳር

መልስ፦ በዚህ አሠራር ፖርት የሚባል ነገር የለም። ክሎድ ዴስክቶፕ ሰርቨርዎን ራሱ ያስነሳና በስታንዳርድ ኢንፑትና አውትፑት ያናግረዋል፤ በእያንዳንዱ መስመር አንድ የጄሰን (መረጃ የሚጻፍበት ቅርጽ) መልእክት ብቻ። ስለዚህ ኮድዎ ውስጥ «ሰርቨሩ ተነሳ» የሚል ጽሑፍ የምታወጣ አንዲት ፕሪንት ካለች ንግግሩ መሐል ገብታ ታበላሸዋለች። ተርሚናል ላይ ለዓይን የምታምረው ያቺው መስመር ነች እዚህ ጠንቅ የምትሆነው። የሎግ ፋይሉን ይክፈቱና «ቫሊድ ጄሰን አይደለም» የሚለውን ስህተት ይፈልጉ፤ የሚጠቅሰው ፊደል «ሰ» ከሆነ ጥፋተኛዋን አገኟት። መፍትሔው ፕሪንቱን ወደ ስታንዳርድ ኤረር ማዞር ወይም የፓይተንን ሎጊንግ መጠቀም ነው።

ሎጉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ የፋይሉን መንገድ (ፓዝ) ይዩ። ተርሚናል ላይ ሲያስነሱ ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ነዎት፣ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንቱም (ለፕሮጀክቱ ብቻ የተለየው ፓይተን) ተከፍቷል፤ ክሎድ ዴስክቶፕ ይህን ሁሉ አያውቅም። በክሎድ ዴስክቶፕ የማስተካከያ ፋይል ላይ «ኮማንድ» በሚለው ቦታ በቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንቱ ስክሪፕትስ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፓይተን ከሲ ድራይቭ ጀምሮ ሙሉ መንገዱን ይጻፉ። ጄሰን ውስጥ የዊንዶውሱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስላሽ ሁለት ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ካስተካከሉ በኋላ መስኮቱን በኤክስ መዝጋት ፕሮግራሙን አይዘጋውም፤ ከሰዓቱ አጠገብ ካለው ትንሽ ምልክት «ኩዊት» ብለው እንደገና ይክፈቱት።

እግረ መንገዳችንን፦ ሰርቨርዎ አማርኛ ያለበት ሲኤስቪ (የሠንጠረዥ ፋይል) የሚያነብ ከሆነ ፋይሉን ሲከፍት ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» ይበሉት። ዊንዶውስ ላይ ፓይተን ሳይነገረው ዩቲኤፍ-8 ላይመርጥ ይችላል። ኤክሴል ደግሞ በ«ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» ሲያስቀምጥ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ ምልክት ይጨምራል፤ «ኮድ» የተባለው የመጀመሪያው ዓምድ ዓይንዎ እያየው ኮምፒውተሩ «የለም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ «ኤጀንቴ ድረ ገጽ ላይ የምጠቀምበት ነው፣ ሰርቨሩ ደግሞ ቤቴ ያለው ኮምፒውተር ላይ። በ192.168 የሚጀምረውን አድራሻ ሰጥቼው አልተቀበለኝም።» ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ያ አድራሻ ከቤትዎ ራውተር አያልፍም። ጥሪው የሚመጣው ደግሞ ከእርስዎ ብሮውዘር ሳይሆን ከኩባንያው የመረጃ ማዕከል ነው። ቤት ያለን ሰርቨር ከኢንተርኔት በሚያገናኙት በክላውድፍሌር ተነል ወይም በኤንግሮክ ኤችቲቲፒኤስ ያለው የውጭ አድራሻ ያውጡ። ተነሉ ከቤትዎ ወደ ውጭ ስለሚደውል ቋሚ አይፒ መግዛት አያስፈልግም። ያለ አካውንት የሚከፈተው የክላውድፍሌር ፈጣን ተነል ግን በተነሳ ቁጥር አድራሻው ይቀየራል፤ ለሙከራ እንጂ ለሥራ አይሆንም። ፊት ለፊት ኤንጂንኤክስ (ጥሪ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሰርቨር) ካስቀመጡ «ፕሮክሲ በፈሪንግ»ን ያጥፉ፣ «ፕሮክሲ ሪድ ታይምአውት»ንም ከፍ ያድርጉ፤ ካልነኩት 60 ሰከንድ ነው፣ ቱሉ ከዚያ በላይ ዝም ካለ 504 ይመጣል። ቶክን (የይለፍ ቁልፍ) ሳያስገቡ ተነል አይክፈቱ።

ጥያቄ፦ «ግንኙነቱ ሠርቷል። ግን ‹የመስከረም ሽያጭ ስንት ነው?› ስለው አንዴ ትክክል፣ አንዴ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጠኛል። ቱሉን ብቻውን ስፈትነው አይሳሳትም።» ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ቱሉ የሚቀበለው መነሻና መድረሻ ቀን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ከላኩልን ኮድ አይተናል። መግለጫው ላይ የተጻፈው ግን «በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ሽያጭ ይመልሳል» የሚል ብቻ ነው። ሞዴሉ (ከኤጀንቱ ጀርባ ያለው ኤአይ) መስከረምን አንዳንዴ ሴፕቴምበር ብሎ ከ1 እስከ 30 ይወስደዋል፣ አንዳንዴ በራሱ አስልቶ ይሳካለታል። የ2018 ዓ.ም. መስከረም ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10 ቀን 2025 ነው፤ ሴፕቴምበርን ሙሉውን ከወሰደ አሥሩን የጳጉሜንና የነሐሴ ማብቂያ ቀናት ቀላቅሎ የመስከረምን የመጨረሻ አሥር ቀናት ይጥላል። ቁጥሩ ትክክል ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም፣ ከፋቱም እዚህ ላይ ነው።

ሞዴሉን «ተጠንቅቀህ አስላ» ብሎ ማሳሰብ አያዛልቅም። ስሌቱን ከእጁ ይውሰዱት። ቱሉ ዓመት፣ ወርና ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ይቀበል፤ ወደ ፈረንጅ የሚቀይረው ሰርቨሩ ይሁን። መግለጫው ላይ በግልጽ ይጻፉት፦ «ወር ከ1 (መስከረም) እስከ 13 (ጳጉሜን)። ተጠቃሚው በፈረንጅ ቀን ከጠየቀ ይህን ቱል አትጥራ፣ ሌላውን ተጠቀም።» ጳጉሜን 6 ተቀባይነት የሚኖረው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ሲሆን ነው፣ እንደ 2015 እና 2019። ከዚህ ውጭ ከመጣ ባዶ ውጤት አይመልሱ፤ «በዚህ ዓመት ጳጉሜን 5 ቀን ነው» የሚል የስህተት ጽሑፍ ይመልሱ፣ ኤጀንቱ አንብቦ ራሱን ያርማል። ባዶ ውጤት ከመለሱለት «ሽያጭ አልነበረም» ብሎ ለአለቃዎ ሪፖርት ያደርጋል።

ውጤቱ ውስጥም ሁለቱንም ቀኖች ያስገቡ። ሰዓት የሚቀበል ቱል ካለም ያው ነው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያለውን ደንበኛ 3፡00 ብሎ ከመዘገበው ቀጠሮው ሌሊት ላይ ይወድቃል።

ኮድዎ ውስጥ ሌላም ያየነው ነገር አለ። ውጤቱን በ«ጄሰን ዳምፕስ» ሲያወጡ «ኢንሹር አስኪ»ን ፎልስ አላደረጉትም። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በስድስት ምልክት ተተክቶ ይሄዳል፤ ሞዴሉ ያነበዋል፣ ነገር ግን ሒሳቡ በቶክን (እዚህ ላይ ሞዴሉ በሚያነበው የጽሑፍ ቁራጭ) ነውና በከንቱ ይከፍላሉ። በአንድ ጥሪ የሚመለሰውንም 50 መስመር ላይ ይገድቡ፤ ድምሩን ሰርቨሩ ደምሮ ይስጠው እንጂ አራት ሺህ ደረሰኝ ልኮ ሞዴሉን ደምር ማለት ስህተትን መጋበዝ ነው።

ጥያቄ፦ «ኤጀንቱ ሳላዘው ዳታ ሊያጠፋብኝ ይችላል?» ከሐዋሳ

መልስ፦ የሚያጠፋ ቱል ከሰጡት፣ አዎ። እርስዎ ባያዙት እንኳ የሚያነበው ኢሜይል ወይም ሰነድ ውስጥ ሌላ ሰው ትዕዛዝ ሸሽጎ ሊያስገባ ይችላል፤ ሞዴሉ የእርስዎን ቃልና የሰነዱን ቃል ሁልጊዜ አይለይም። «እንዳታጠፋ» ብሎ መመሪያ ላይ መጻፍ መከላከያ አይደለም። ኤን ኤይት ኤን ላይ ቱሎች የሚመረጡበትን ቦታ ከ«ሁሉም» ወደ «የተመረጡ» ይለውጡና የማያስፈልገውን ያስቀሩ። ዳታቤዙ ላይ ደግሞ ለሰርቨሩ ብቻ የሚሆን አዲስ ተጠቃሚ ይክፈቱና «ሴሌክት» (ማንበብ) ብቻ ይፍቀዱለት። ከዚያ በኋላ «ዲሊት» (አጥፋ) ይላክ ቢባል እንኳ እምቢ የሚለው ዳታቤዙ ራሱ ነው።